የረዲ ጥም

ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ አንዲት እንቁራሪት አምጥቶ ባኞዬ ውስጥ ጣለልኝ። ባኞ የምለው ገላዬን የምታጠብበትን አይደለም፤ ቧንቧው ሲያሰኘው ብቻ ስለሚመጣ በረንዳ ላይ ውሃ የማጠራቅምበትን አሮጌ ባኞ ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ከሥር ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። የልጅ ልጄ ሂክማ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ሮጣ የጨው ዕቃውን ይዛ ተመለሰች። "እማማ፣ ዞር ይበሉ፤ ጨው ሲነሰነስባት ወዲያው ትሞታለች፣ ስልክ ላይ አይቻለሁ" አለች። እጇን በጥፊ አጮልኩት። ጨዉ በረንዳው ላይ ተበተነ። ከልጅነቴ ወዲህ ሰው መትቼ ስለማላውቅ ራሴም ደነገጥኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

"ጨው ምን እንደሚያደርጋት ታውቂያለሽ?" አልኳት። "በቁሟ ውሃዋን ከቆዳዋ መጥጦ ያወጣዋል። እርጥብ ፎጣ ጠምዝዘሽ እንደምትጨምቂው ነው።" እንቁራሪቷን በሁለት እጄ አፈስኳት። ወዲያው መዳፌ ላይ ውሃዋን ለቀቀችው። ሂክማ አሁንም እየሸሸች "ሸናችብዎት፤ ኪንታሮት ያወጣብዎታል" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት የልጅ ልጄ እንዲህ ስትል ስሰማ ምን ልበል? መጠባበቂያዋ ነው የኔ ልጅ፣ ለደረቅ ቀን ብላ ፊኛዋ ውስጥ ያስቀመጠችው ውሃ ነው፤ ስትፈራ ደፍታው ትሮጣለች፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ካላገኘች አለቀላት አልኳት። መስማቷን እንጃ። እኔ ግን ያ ቀዝቃዛ ውሃ በጣቶቼ መሃል ሲወርድ፣ የረጠበ ቆዳና የጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ወንድሜን ረዲን በሆዱ ተኝቶ መሬት ላይ ተለጥፎ ያገኘሁበት ቀን እንዳለ መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ፣ አጠና ተራ ጀርባ ነበር። ዛሬ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚሸጥበት ቦታ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ተራራ ሠርቶ ይደረደር ነበር። አባቴ አጠና ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው መካን ሳያዩ ገና ድሮ ነው፣ ጢማቸውን አይቶ። ጠዋት ጠዋት ከሆለታ በኩል ኤንትሬ መኪኖች ቋሚና ማገር ጭነው እያጓሩ ይመጣሉ፤ አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታው ልብስ ላይ ተጣብቆ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ በአምስት። ወንዶቹ አፍሮአቸውን አበጥረው፣ ጫፉ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ጋር እያዜሙ እንጨት ያራግፋሉ። ረዲ ሰማያዊ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችው፤ ራሱ አጥቦ ራሱ የሚተኩሳት፣ እኔ እንድነካት እንኳ የማይፈቅድልኝ። ዘመኑ የሚገለባበጥበት ሰሞን ነበር። ማን ወርዶ ማን እንደ ወጣ አባቴ በሬዲዮ ይከታተሉ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ዱላውን ነው። ሰው ሁሉ ይማታ ነበር። ፖሊሱ ነጋዴውን፣ ነጋዴው ተሸካሚውን፣ ተሸካሚው ሚስቱን ይመታል፤ ሚስቱ ልጇን ትገርፋለች፤ ልጇ ወጥቶ ውሻ በድንጋይ ይፈነክታል። ዛሬ ሰዎች የድሮውን ፍቅር ሲያወሩልኝ እኔ የትኛው ሰፈር እንደነበሩ እጠይቃለሁ።

ጠቡ የተነሳው በማራገፍ ተራ ነው። የላይኞቹ ተሸካሚዎች መኪናዋ የእኛ ናት አሉ፣ የታችኞቹ የእኛ ናት አሉ፤ ሳይነጋገሩ እንጨት መዘው ተያያዙ። ረዲ ትምህርቱን ትቶ ከአባቴ ጋር ይሠራ ስለነበር ሊገላግል መሃል ገባ። አንዱ ከኋላው መጥቶ በማገር ጭንቅላቱን አለው። ድምፁን ከቤታችን በር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ዱባ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ደርሼ ሳየው ቴትሮኗ እስከ ወገቧ ቀልታለች። የመታውን ሰውዬ ደግሞ ሌሎቹ ጥርሱ እስኪረግፍ፣ ፊቱ ሰው መሆኑን እስኪስት ቀጠቀጡት፤ አስታውሳለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ረዲን ሆስፒታል ሰፉለትና ተኝቶ ከርሞ ተመለሰ። ቁስሉ ጠገገ፣ አፍሮው አድጎ ጠባሳውን ሸፈነው። ጎረቤቱ ሁሉ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወደየሥራው ሄደ።

ጥሙ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ ሰው ነው ውሃ ይጠጣል። በኋላ ግን ከእንስራው ሥር የማይነሳ ሆነ። በጣሳ መጠጣቱን ትቶ በጆግ፣ ጆጉን ትቶ አፉን ከባልዲው ላይ ደቅኖ። የጠጣው ደግሞ አይቆይለትም፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ያድራል። ሽንቱ እንደ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ቀለም የለው ሽታ የለው። ያኔ በየቤቱ ቧንቧ የለም፤ ውሃ የምንቀዳው ከቦኖ ነው፣ የምንቀዳውም እኔና እናቴ ነን። ቦኖ ማለት ደግሞ ጦር ሜዳ ነው። ሴቶች ተራ ቀደምሽኝ ተባብለው በጣሳ ይፈነካከታሉ፣ ፀጉር ይነጫጫሉ። እናቴን አንዲት ሴትዮ በባልዲ ጠርዝ ቅንድቧን ሰንጥቃታለች፤ ደሟን በሻሿ እየጠረገች ባልዲዋን ሞልታ ነው የመጣችው። ያንን ውሃ ረዲ ቆሞ ጨረሰው። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። እኔ ግን ጣሳውን ወርውሬ ትከሻውን አልኩት። "ምን ሆነህ ነው? አጋንንት ነው ያለብህ?" ስለው "ዘሃራ፣ ሆዴ ሞልቷል፤ ጉሮሮዬ ግን ይቃጠላል። እኔ ምን ላድርግ?" አለኝ።

ክሊኒክ ወሰዱት፤ ሽንቱን መርምረው ስኳር የለበትም፣ ጤነኛ ነው ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ አባቴ የራሳቸውን ምርመራ አደረጉ። ልጁ ውሃ ያበዛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ከስቷል፣ ምግብ አያሰኘውም፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር ይውላል። ኮልፌ ላደገ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ጫት ነው። ጫት የሚቅም ሰው ውሃ ሲጋት ይውላል፣ ሌሊት ዓይኑን ጣራ ላይ ተክሎ ያድራል። አባቴ ደግሞ ጫት የሚሉት ነገር ደጃቸውን እንዲያልፍ አይፈልጉም፤ ታናሽ ወንድማቸው ሱቁን፣ ሚስቱን፣ በመጨረሻም ጤናውን ቅሞ ጨርሶ እጃቸው ላይ ነው የሞተው። ረዲ በአላህ ስም ማለ። የማለበትን አፍ በጥፊ መቱት። ኪሱን ፈተሹ፣ ፍራሹን ቀደው አዩ፤ ቅጠል አጡ፤ አለማግኘታቸው ይበልጥ አናደዳቸው፣ ደብቆታል ማለት ነው አሉ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁለተኛ ሰው በዚያው መንገድ መቅበር ያስፈራቸው ሰው ነበሩ፤ የፈራ ሰው ዱላ ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

በዚህ መሃል ረመዳን ገባ። በሽተኛ እንደማይጾም አባቴ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ጭቅጭቁ ረዲ በሽተኛ ነው አይደለም ነው። ቁስሉ የዳነ፣ ክሊኒክ ጤነኛ ያለው ጎረምሳ ምኑ ይታመማል? ረዲ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ተደብቆ እየጠጣ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጿሚ ነጋዴ ፊት፣ የእንጨት መጋዙን ለማራስ ከተቀመጠው ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ነክሮ ሲጠጣ ያዙት። አባቴ እዚያው ተራው መሃል ቀበቶአቸውን ፈቱ። ዘለበቱ ባለበት በኩል ነው የገረፉት፤ ጀርባው ተተለተለ፣ አንድም ሰው አልገላገለም። ከዚያ ጎትተው ከቤታችን ጓሮ ካለው የእንጨት መጋዘን ከተቱትና ቁልፍ አደረጉበት። "ሱሱ እስኪለቀው እዚህ ነው። ሲያፈጥር አንድ ብርጭቆ፣ ሌሊት ለሱሁር አንድ ብርጭቆ። ከዚህ ወዲያ ውሃ ያቀበለውን ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ" አሉ። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ተራምደዋት አለፉ። ሌሊቱን ሙሉ በሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥ አደረ። ጎህ ሲቀድ ቧጠጣውን ተወው፤ እኔም ተኛ ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

የባዮሎጂ መምህራችንን ስሙን ትተን ኩርኩም ነበር የምንለው። በጣቱ አንጓ አናት ላይ ይኮረኩምሃል፤ ድምፁ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያስተጋባ ይመስላል። ያን ቀን ከኮልፌ ወንዝ የተለቀሙ እንቁራሪቶች በቆርቆሮ ሣጥን አስመጥቷል። ሁለቱን ከትናንት ጀምሮ በደረቅ ጣሳ አስቀምጦ አድርቋቸዋል፤ ቆዳቸው ተጨማድዶ የወገብ አጥንታቸው ይታያል። የቀሩት የሚሞቱ ናቸው። ከእያንዳንዷ ጭንቅላት ሥር ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ዕጢ አለች፣ ፒቱታሪ ትባላለች፤ እሷን አውጥተን፣ ወቅጠን፣ ከደረቁት አንዷን በመርፌ እንወጋታለን፤ ለሌላዋ ባዶ የጨው ውሃ፤ ከዚያ እንመዝናለን አለ። "ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ፤ አንገቷን በመቀስ።" ተራዬ ሲደርስ "ቲቸር፣ እኔ አልችልም። በእኛ ሃይማኖት እንቁራሪት አይገደልም፣ አባቴም..." ከማለቴ ኩርኩሙ አናቴ ላይ አረፈ። ዓይኔ ብልጭ አለ። መቀሱን እጄ ውስጥ አስገባ፣ እጄን በእጁ ጨበጠ፣ አብሮኝ ጨመቀ። ካሮት ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጭንቅላቷ ከተቆረጠ በኋላም እግሯ ጣቶቼን ይገፋ ነበር። ጾመኛ ነኝ፣ አፌ ደርቋል፣ የምተፋው ምራቅ እንኳ አልነበረኝም።

ሁለቱ ደረቆች ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ የማይሸፍን ውሃ ላይ ተቀመጡ። አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። መርፌውን ያገኘችው እግሯን ከፍታ፣ ሆዷን ከውሃው ላይ ለጥፋ ተኛች። ኩርኩም እየዞረ የሚያንቀላፋውን ሁሉ እየኮረኮመ ያስረዳል። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ የምትጠጣው በሆዷ ቆዳ ነው። ድርቀት ሲመጣ ያቺ ዕጢ ሆርሞን ትለቃለች፤ ቆዳዋን ውሃ አስገባ፣ ፊኛዋን ያጠራቀምከውን ለደም መልስ፣ ኩላሊቷን አትልቀቅ፣ ያዝ ትላለች። ሆርሞኑ ከሌለ ውሃ ላይ ተቀምጣም ብትሆን እንደሚገባት አትጠጣም። መዘንን። የተወጋችው ከብዳለች፤ ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ሌላዋ፣ የራሷ ዕጢ ብቻ ስላላት፣ ገና እንደተጨማደደች ናት። ከዚያ ኩርኩም፣ አንዱን ልጅ አናቱን እየኮረኮመ፣ እንደ ዋዛ እንዲህ አለ፤ "ሰውም ላይ አለ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ይህች ዕጢ ከተጎዳችበት ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ቀን ሲጠጣ ሌሊት ሲሸና ይኖራል። ስኳር አይደለም፣ ሌላ ነው። ውሃ የከለከሉት ቀን ደርቆ ይሞታል።"

ሳላስፈቅድ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። "ወዴት ነው?" ብሎ ሻሼን ከኋላ ያዘ። ሻሹን ትቼለት ሮጥኩ።

ጸጉሬን ገልጬ፣ ቀሚሴ ላይ የእንቁራሪት ደም እንዳለ፣ በኮንጎ ጫማ ጭቃውን እየሰነጠቅኩ አጠና ተራን ስሻገር ነጋዴዎቹ አስተግፊሩላህ ሲሉ ይሰማኛል። አባቴ ከመጋዘኑ በር ፊት ቆመዋል፤ እናቴ ከጎን ተቀምጣ ፊቷን ሸፍናለች። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። "አባ፣ ይክፈቱት፤ ጫት አይደለም፤ ጭንቅላቱ ነው፤ ውሃ የሚይዝለት ዕጢ ያን ጊዜ ተመትቷል፤ ይሞታል" አልኳቸው በአንድ ትንፋሽ።

"ማነው ይህን ያለሽ?"

"ትምህርት ቤት እንቁራሪት ቆርጠን አየን።"

"በረመዳን? ራስሽን ተገልጠሽ? እንቁራሪት ገድለሽ ነው እኔን የምታስተምሪኝ?"

ጥፊያቸው ጆሮዬን አደነቆረው። ወድቄ ስነሳ እጄ ያገኘው አጠና ነበር፤ የእኛ ግቢ ውስጥ ሌላ ምን ይገኛል። "አባ፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አልኳቸው። ቁልፉን ጨብጠው ክንዳቸውን በሩ ላይ ዘረጉ። በሁለት እጄ አንስቼ ክንዳቸውን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር እንጨቱ ነግሮኛል። እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላቸው፤ ክንዳቸውንም የሰበርኩት በአንቱታ ነው። ቁልፉ ወደቀ። አባቴ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው አዩኝ። አንስቼ ከፈትኩ። እንዲያው ለታሪክ እንዲቀር፦ አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም ቢሆን እመታቸዋለሁ።

ረዲ ሸሚዙን አውልቆ፣ እርጥበት ካለበት ጥግ፣ በሆዱ ከአፈሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ዓይኑ ጎድጉዷል። ምላሱ አብጦ ከጥርሱ መሃል ወጥቷል፤ የተተለተለው ጀርባው ላይ ዝንብ ሰፍሯል፣ አያባርርም። ስጠራው ማን እንደሆንኩ አላወቀም። እናቴ ነጠላዋን እየነከረች በጥርሱ መሃል ጨመቀችለት፤ ትውከት መጣ፣ ደግማ ጨመቀች። አባቴ ክንዳቸው እንደተንጠለጠለ ደጃፉ ላይ ቆመው ያያሉ። ረዲ ዓይኑን ገለጠና አባቴን ሲያይ በፍርሃት ወደ ግድግዳው ሊድህ ሞከረ፤ ሱሪው ረጠበ። ያን ጊዜ ነው አባቴ የተሰበሩት፤ ክንዳቸውን ሳይሆን። ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ታክሲ አስቆሙ።

ሆስፒታል ያየው ሐኪም ጠባሳውን ዳሰሰ፣ ሽንቱን አየ፣ ኩርኩም ያለውን ደገመልን። ሌላ አንድ ሌሊት ብታቆዩት ኖሮ አይተርፍም ነበር አለ። በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ሰጠው፤ ከከብት ዕጢ የተሠራ ነው አሉን። ሱረት የሚስብ ሰው አጠገብ መቀመጥ የማይወዱት አባቴ በሰሌን ታስሮ በተንጠለጠለው ክንዳቸው ሥር የዱቄቱን ዕቃ ይዘው፣ ረዲ እስኪስብ ጠብቀው ይከድኑለት ነበር። የእንቁራሪቷ ሆርሞን ቫሶቶሲን፣ የእኛው ቫሶፕሬሲን እንደሚባሉ፣ ወንድማማች እንደሆኑ ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ፣ እኔው ራሴ ጠመኔ ይዤ ስቆም ነው። ተማሪ አናት ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። ረዲ ዛሬ አየር ጤና ነው፣ አያት ሆኗል፤ መድኃኒቱ ክኒን ሆኖለታል፤ ጠርሙሱ ግን ከእጁ አይለይም። ስለ እንቁራሪቷ ስደውልለት "ውሃ ያለበት ቦታ አኑሪያት" አለኝ፤ የቆሻሻ ውሃ መውረጃው ዳር፣ ሣሩ ውስጥ አኖርኳት።

አባቴ ወጌሻው ቢያቀናውም ክንዳቸው ተጣሞ ቀረ። ሰው ምን ሆነው ነው ሐጂ ሲላቸው "ልጄ መትታኝ ነው" ይሉና ሌላ አይጨምሩም፤ ጠያቂው ግራ ተጋብቶ ይሄዳል። ለእኔ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ነገር ግን በዚያው ረመዳን፣ ከዚያም እስኪሞቱ ድረስ በመጣው ረመዳን ሁሉ፣ ቀትር ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ። ራሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ከቦኖ የቀዳነውን ጆግ አንስተው ረዲ ያለበት ክፍል ይገባሉ፣ ሰው እንዳያየው መጋረጃውን ይመልሳሉ። "ጠጣ፤ በሩ ላይ እኔ አለሁ" ይሉታል። ቀኝ እጃቸው ቀጥ ስለማይል ሲቀዱ ሁልጊዜ ከብርጭቆው ውጪ ይፈስ ነበር። ረዲ ሌላኛውን እጁን ከሥር ዘርግቶ የሚፈሰውን ይቀበላል፤ አባቴም እስኪሞላ መቅዳታቸውን አያቆሙም።